ጆሮ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት

ኤፍራታ እባላለሁ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ደሴ ከተማ፣ ቤተሰብ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ የመርዶ ዴስክ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ሰው መሞቱን ለሰው መንገር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል።

ድሮ ቢሆን "ምን ሥራ አጥተሽ ነው?" የሚለኝ አይጠፋም ነበር። አሁንም የሚሉኝ ይኖሩ ይሆናል፣ ግን አልሰማቸውም። ማለዘቢያዬ "ከባድ ኃላፊነት ነው የተሸከሙት" አድርጎ ነው የሚያደርስልኝ።

ማለዘቢያው ምስር ያክላል፣ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ሰው የሚለንን ቀድሞን ይሰማና በዚያው ሰው ድምፅ አለስልሶ ያቀርብልናል። ስልክም ውስጥ ያው አለ፣ ፊት ለፊት ብንቀመጥም ያው ነው። ሐቁን ለመናገር፣ ብዙ ጠቅሞናል። ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ጠብ ካየሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ባቲ ገበያ ላይ አፋሩ በአፋርኛ፣ ኦሮሞው በኦሮምኛ፣ እኔ በአማርኛ አውርተን፣ ፍየል ተገበያይተን፣ ተመራርቀን እንለያያለን። እኛ ልጆች ሳለን ሰው በስልኩ ሲሰዳደብ ውሎ ሲሰዳደብ አድሮ በመጨረሻ በድንጋይ ይፈላለግ ነበር። ያንን ዘመን ያየ ሰው ማለዘቢያን አይረግምም። ዛሬ ጆሮውን ገልጦ ገበያ የወጣ ሰው፣ ሱሪውን ረስቶ እንደወጣ ነው የሚታየው።

መርዶ ላይ ሲደርስ ግን ማለዘቢያው ይሸነፋል። ምን ያድርግ፣ ከእኛው ነው የተማረው! እኛ መቼ ነው ሞትን በስሙ ጠርተን የምናውቀው? "ትንሽ አሟቸዋል፣ ና እስቲ" እያልን ነው ሰውን ከሩቅ አገር ለቀብር የምናስመጣው። ማለዘቢያውም ያንን አጠና። እናትህ ሞተች ሲባል "እናትህን ትንሽ ደክሟታል" ይላል። አባትህን ቀበርናቸው ሲባል "አባትህ ሰላም ብለውሃል" ይላል። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ሰውዬ፣ አባቱ ከተቀበሩ ስምንት ወር አልፏቸው፣ ለበዓል ጋቢ ገዝቶላቸው መጣ። ከዚያ በኋላ ነው የእኛ ዴስክ የተቋቋመው።

አሠራራችን አሮጌ ነው። ሌሊት ማለዘቢያው ከጆሮ ወጥቶ ራስጌ ላይ ቻርጅ ሲያደርግ ያድራል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ነቅቶ ከመክተቱ በፊት፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በር እናንኳኳለን። አያቶቻችንም በዚሁ ሰዓት ነበር የሚያረዱት፣ ምክንያቱ ቢለያይም። ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንለብሳለን። መጀመሪያ "ምንም አልሆነም፣ ቁጭ በል" እንላለን። ከተቀመጠ በኋላ እንነግረዋለን። እና አናለቅስም። መመሪያው ላይ አንደኛ ተራ ቁጥር የተጻፈው እሱ ነው፤ መርዶ ነጋሪ አያለቅስም። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜም አልቅሼ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ግን ጭራሽ ሳልሄድ ቀርቻለሁ፣ እሱንም ልናገር።

እህቴ ኅሊና ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ እታለም ነው የምላት። ልጅ ሳለሁ ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ፣ ስጠፋም የምትገርፈኝ እሷ ነበረች። እናታችን የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እኔ ቤት ዐረፈች። ወርጄ ለእህቴ መንገር የእኔ ድርሻ ነበር። የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሳረዳ የኖርኩ ሴትዮ፣ እሷ በር ላይ መቆም አቃተኝ። የሥራ ባልደረባዬን አቶ ቢንያምን ላክሁት።

ቀብሩ ላይ አቅፌያት "ይቅር በይኝ" አልኳት። "አይዞሽ፣ ገብቶኛል" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እንደዋወላለን፣ ተጣልተን አናውቅም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መድረስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልሄድኩም። ፍቅር ነና! የተጣላ ሰው ነው ለዕርቅ የሚሄደው፣ ብዬ ይሆናል። በየሳምንቱ ስልኩን ልትዘጋ ስትል "ሲመችሽ ብቅ በይ" ትለኛለች። እኔም "እሺ እታለም" እላለሁ። ባለፈው እሑድ "ሐሙስ ትንሽ ጉዳይ አለኝ፣ ሲመችሽ ብቅ በይ" አለችኝ። "እሺ እታለም" አልኩ።

ማክሰኞ ንጋት ላይ ፒያሳ ላይ መርዶ ነበረብኝ። ሙባረክ የሚባል የአርባ ዓመት ሰው፣ ጦሳ ተራራ የሚያወጣውን የአየር ገመድ መጓጓዣ የሚጠግን ቴክኒሻን ነው። ባቲ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ሰልማን በኩላሊት ሕመም ሞቷል። አንኳኳሁ። ሙባረክ በሽርጥ ወጣ፣ ነጠላዬን አየ፣ አይኑ ፈጠጠ።

"ምንም አልሆነም፣ ቁጭ በል" አልኩት።

ተቀመጠ። ነገርኩት። "ኢናሊላሂ" አለ። ከዚያ አንገቱን ነቀነቀ። "እትዬ፣ ተሳስተው መሆን አለበት። ወንድሜን ባለፈው ጁምዓ አነጋግሬዋለሁ። ደህና ነኝ ብሎኛል እኮ!"

ሁሉም እንዲህ ይላሉ። በሕጉ መሠረት የሟች ጥሬ ቃል ለቅርብ ዘመዱ አንድ ጊዜ ይከፈታል። ጥሬ ቃል የምንለው ሰውዬው በእርግጥ የተናገረው፣ ማለዘቢያ ያልነካው ነው። በሕይወት ያለ ሰው ጥሬ ቃል ለማንም አይከፈትም። እኔ ማጫወቻውን ከፍቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ። የሰሚውን ፊት ስገባ አየዋለሁ እንጂ ቃሉን ሰምቼ አላውቅም፣ አይፈቀድምም። ሙባረክ ግን እጄን ያዘ።

"ብቻዬን አልችልም እትዬ። በአላህ አይሂዱ።"

መመሪያ ነው ልለው ነበር። እጄን ግን አልለቀቀም። ማለዘቢያዬን አውጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

የጁምዓው ዕለት የሰልማን ድምፅ ሻካራ ነው፣ ይቆራረጣል። "አንተ ሙባረክ! አንተ ድንጋይ! ሦስት ዓመት ሙሉ ጠራሁህ እኮ! ምን አድርጌህ ነው? እንደ ልጄ አላሳደግሁህም? ልሞት ነው እያልኩህ እንዴት እሺ እሺ ትለኛለህ? ገንዘብህን አልፈለግሁም፣ ፊትህን አሳየኝና ልሙት። ና! ና ብያለሁ፣ ና!"

ከዚያ ማልቀስ ጀመረ፣ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ። ድምፁ ተቋረጠ።

ሙባረክ ስልኩን አወጣ። የዚያኑ ጁምዓ ንግግር ፈልጎ አሰማኝ፤ ያው የሰልማን ድምፅ ነው፣ የተረጋጋ፣ የሞቀ። "ደህና ነኝ። ሲመችህ ብቅ በል።"

"ይኸው ነው የደረሰኝ" አለኝ ሙባረክ። "ይኸው! ባውቅ በእግሬ አልሄድም ነበር?"

ስለ እሱ አዝኛለሁ፣ ውሸት የለውም። ግን በዚያች ደቂቃ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሲመችህ ብቅ በል። ቃል በቃል ያው ነው፣ እሑድ እሑድ የምሰማው። እህቴ ምን ብላ ጮኻ ይሆን እንደዚያ ተደርጎ የደረሰኝ? ሐሙስስ ምንድን ነው?

ለሙባረክ አላህ ሶብሩን ይስጥህ ብዬ፣ ለጎረቤቶቹ አስረክቤው ወጣሁ። መንገድ ላይ ማለዘቢያዬን መልሼ ከትቼ ደወልኩላት።

"እታለም፣ ሐሙስ ምንድን ነው?"

"ቀላል ጉዳይ ነው። አታስቢ።"

"እውነቱን ንገሪኝ!"

"ሁሉም ሰላም ነው። አንቺስ?"

"ማለዘቢያሽን አውጪና አናግሪኝ!" ብዬ ጮህኩ። ሰዎች ዞር ብለው በፈገግታ አዩኝ፤ ምን እንደደረሳቸው እግዜር ይወቀው።

"አመሰግናለሁ፣ እኔም ጆሮዬን በደንብ እይዛለሁ" አለችኝ። ደሜ ፈላ። የእሷ ማለዘቢያ የእኔን ጩኸት ምክር አድርጎት ነው፣ ከዚያ የእኔው ደግሞ የእሷን መልስ ምን አድርጎት እንደሆነ አላውቅም። በሁለታችን መሐል ሌሎች ሁለት ሴቶች ቁጭ ብለው በጨዋ ደንብ የሚጨዋወቱ መሰለኝ።

ቢሮ ገብቼ አለቃዬ ፊት ቆምኩ። ናትናኤል ይባላል፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፣ ክፉም አይደለም።

"የእህቴን ጥሬ ቃል ክፈቱልኝ" አልኩት።

"እህትዎ ዐረፉ እንዴ? በጣም አዝናለሁ።"

"አልሞተችም!"

"የሟች ብቻ ነው የሚከፈተው እትዬ ኤፍራታ። ሕጉን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።"

"እና እስክትሞት ልጠብቅ? ምን ዓይነት ደደብ ሕግ ነው!"

ፈገግ አለ። "ስለ ሐሳብዎ እናመሰግናለን" አለኝ። እንዲያ ማለቱን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው የማደርገውን ለራሴ አድርጌው አላውቅም ነበር። የሕያው ሰው ባዶ ጆሮ የሚገኘው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። መቼም ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ደሴ ውስጥ የለም። ለረቡዕ የተመደበልኝን መርዶ ለአቶ ቢንያም አስተላለፍኩ፤ በዘጠኝ ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

ረቡዕ ንጋት ላይ በጨለማ ተነስቼ ለበስኩ፣ ማለዘቢያዬን ራስጌዬ ላይ ትቼው ወጣሁ። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሾፌር የለውም፣ በረጋ ፍጥነት ሐረጎን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ተሳፋሪው ሦስት ሰው ነው። ባዶ ጆሮ ለካ ያማል። የጎማው ድምፅ፣ የንፋሱ ፉጨት፣ ኋላ ወንበር ላይ የሚያስለው ሰውዬ፣ ሁሉም አብሮ ይገባል። አጠገቤ የተቀመጠችው ወይዘሮ ስትወርድ ትከሻዬን ነካ አድርጋ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለችኝ። ፊቴ ነው የከዳኝ ብዬ አሰብኩ።

የእህቴ ግቢ አልተለወጠም። በሩ ያው አረንጓዴ ነው፣ ቀለሙ ረግፏል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ ይኖርበታል። ሰዓቴን አየሁ፣ አሥራ አንድ ከአምስት። አንኳኳሁ።

እታለም በሌሊት ልብሷ ከፈተች። ሸምግላለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ አንገቷ ቀጥኗል። ፊቴን አየች፣ ከዚያ ትከሻዬን አየች።

ያኔ እኔም ወደ ትከሻዬ አየሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄው ነበር! ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ስለብስ እጄ ሌላ አለባበስ አያውቅም።

"ዮናታን!" ብላ ጮኸች። ልጇ ነው፣ መርከብ ላይ የሚሠራ፣ አንድ ልጇ። "ዮናታኔን! ልጄን! ልጄን በሉኝ!" ደረቷን እየመታች መሬት ላይ ወደቀች።

"እታለም! ማንም አልሞተም! ምንም አልሆነም፣ ቁጭ በይ!"

ይህን ስል ባሰባት። "እንዲያ ነው የምትሉት! እንዲያ ነው! ያ ሰውዬም ለእናቴ ሲመጣ ምንም አልሆነም፣ ቁጭ በይ ነው ያለኝ! ባሕር በላብኝ ልጄን!"

የግቢው በሮች ተራ በተራ ተከፈቱ። ጎረቤቶቿ በሌሊት ልብሳቸው፣ በባዶ ጆሮ ወጡ። የእኔን ነጠላ ሲያዩ ጥያቄ አላስፈለጋቸውም፤ ሴቶቹ "ዋይ! ዋይ!" ማለት ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ወንበር ይዘው መጥተው ለለቀስተኛ ማስተካከል ጀመሩ። "የለም! ዮናታን ደህና ነው!" እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል? ስልክ ደውዬ ድምፁን ላሰማት አሰብኩ። ግን በስልክ የመጣ "ደህና ነኝ" ምን ያረጋግጣል? የሙባረክ ወንድም ደህና ነኝ እያለው ነው የሞተበት። እህቴም ይህን ታውቃለች፣ ሁሉም ሰው ያውቃል። ያለነው ሁላችን ጆሯችን ክፍት ነው፣ ሆኖም አንድ ቃል ማድረስ አቃተኝ።

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እጆቿን ያዝኳቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ ቀዝቃዛ። "እታለም፣ የመጣሁት ስለ እናታችን ነው" አልኳት። "ያኔ መምጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ፈራሁ። የአንቺን ፊት ማየት ፈራሁ። ሰውዬ ላክሁብሽ። የሰው እናት ስትሞት ስሄድ የኖርኩ ሴትዮ፣ ለአንቺ ሰውዬ ላክሁ!" ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም። እንባዬ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነው መሰለኝ፣ አፍንጫዬም ሁሉ አብሮ ፈሰሰ፣ በሰው ፊት።

እታለም ጩኸቷ ቀነሰ። አየችኝ። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረችው።

"እያለቀስሽ ነው?"

"አዎ።"

"እናንተ አታለቅሱም አይደል? መርዶ ነጋሪ አያለቅስም ስትዪ አልነበር?"

"አናለቅስም።"

"እና ለሥራ አይደለም የመጣሽው?"

"ለሥራ አይደለም።"

"ዮናታን..."

"ዮናታን ደህና ነው። ማንም አልሞተም። አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት።"

በጥፊ አጮለችኝ።

"ታዲያ ነጠላሽን ምን አዘቀዘቀው፣ አንቺ ጅል! ልቤን ልታቆሚው ነው?"

የጎረቤቶቹ ዋይታ ቆመ። ሽማግሌው ወንበራቸውን አንስተው "ይሁን፣ ተመስገን ነው" እያሉ ተመለሱ። ሌሎቹም እንባቸውን እየጠረጉ፣ እርስ በርስ በባዶ ጆሮ መተያየታቸው አሳፍሯቸው፣ በራቸውን ዘጉ። ጉንጬ ይለበልባል። ጅል ያለኝን ሰው በጆሮዬ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነው? ደስ ያለኝን ደስታ ግን እንዴት ልንገራችሁ! ልጅ ሆኜ ስጠፋ ያገኘችኝ ጊዜ የገረፈችኝ ግርፊያ ነው የመሰለኝ።

ደግፌያት ቤት ገባን። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ራስጌዋ ላይ ማለዘቢያዋ ቻርጅ ያደርጋል።

"ሐሙስ ምንድን ነው?" አልኳት።

"አልነገርኩሽም?" ዓይኗ ተቆጣ። "ሦስት ወር ሙሉ ነገርኩሽ አይደል? ጡቴ ላይ ዕጢ ተገኝቷል። ነገ ኦፕራሲዮን ነው። ዮናታን አይደርስም፣ ሰው የለኝም፣ ፈርቻለሁ፣ አብረሽኝ ግቢ ብዬ ለመንኩሽ። አንቺ እሺ እታለም ትያለሽ፣ ትዘጊያለሽ። ልክ እቃ ግዢልኝ እንዳልኩሽ!"

"ትንሽ ጉዳይ አለኝ ነው የደረሰኝ።"

"ምን?"

"ሐሙስ ትንሽ ጉዳይ አለኝ፣ ሲመችሽ ብቅ በይ።"

አየችኝ። ሥራዬ ነውና ሰው እንዲህ ሲያይ አውቃለሁ፤ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። "እና መጀመሪያውንስ?" አለች። "ቀብሩ ላይ ያልኩሽን? የእናቴ ሬሳ አጠገብ ቆሜ፣ እስክሞት ይቅር አልልሽም ያልኩሽን?"

"አይዞሽ፣ ገብቶኛል ነው ያልሽኝ።"

"እኔ?"

"አንቺ።"

"ውይ!" አለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ውይ፣ እኔ ደግሞ! ይህን ሁሉ ተሰድባ አሁንም እሑድ እሑድ የምትደውል ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ሴት ናት ስል!" ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መሰለኝ፣ ጠጋ ስል ለካ እየሳቀች ነው፣ እንባዋም አብሮ ይወርዳል።

ራስጌዋ ላይ ያለችው ምስር የምታክል ነገር ጢት አለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። እታለም በልማድ እጇን ሰደደች፣ በሁለት ጣቷ አነሳቻት፣ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ያዘቻት። እኔም ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በጥሬው መስማት ማንንም ያስፈራል። መልሳ አስቀመጠቻትና በሳህን ከደነቻት።

"ነገ አብረሽኝ ትገቢያለሽ?"

"እገባለሁ።"

"ስነቃም እዚያው ትሆኛለሽ? ሰውዬ አትልኪብኝም?"

"እኔው ነኝ እታለም።"

አፍንጫዋን በሌሊት ልብሷ እጅጌ ጠረገች። ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ ሳብ አድርጋ፣ አራግፋ፣ ጥለቱን ወደ ታች አዙራ አለበሰችኝ፣ ድሮ ትምህርት ቤት ስትሸኘኝ እንደምታደርገው።

"ዘጠኝ ዓመት" አለች። "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሰድብሽ፣ አንዱም አልደረሰሽም?"

"አንዱም።"

አልጋው ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

"በይ ቁጭ በይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።"